በሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የሚመጣ ከባድ የሳንባ መድማት ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ላይ ደም የተፋ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ሙቀቱ ነው፣ ነስር ነው» የሚል ነው። ልክ ሊሆን ይችላል። ከሳል ጋር የሚወጣ፣ ደማቅ ቀይና አረፋ ያዘለ ከሆነ ግን ከሳንባ የመጣ መሆኑን ጠርጥሩ። የቡና አተላ መስሎ ከትውከት ጋር የወጣው የጨጓራ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ፣ ሳንባን እየቦረቦረ ክፍተት ይፈጥራል። በዙሪያው ያሉት የደም ሥሮች ይቆጣሉ፣ ያብጣሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳል። አብዛኛው ከባድ መድማት የሚነሳው የአየር ቧንቧዎችን ከሚመግቡት ሥሮች ነው፤ ከልብ ከሚወጣው ዋናው ደም ቧንቧ ስለሚቀዱ ግፊታቸው ብርቱ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ የክፍተቱ ግድግዳ ላይ ያለ ሥር እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይፈነዳል። ይህን የዴንማርኩ ሐኪም ራስሙሰን በ1868 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለገለጸው በስሙ ይጠራል።

ብዙውን ጊዜ ሰውየውን የሚገድለው ደሙ አልቆ ሳይሆን ታፍኖ ነው። የአዋቂ ሰው የአየር ቧንቧዎች በጠቅላላ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢይዙ ነው፤ ሁለት የቡና ስኒ። ሐኪሞች «ከባድ» የሚሉት በ24 ሰዓት ከ100 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ድረስ ይለያያል። ቤት ውስጥ ግን ማን ይለካዋል? ትንፋሽ ካጠረው ከባድ ነው፣ አለቀ።

ያኔ የሚደማው ሳንባ ያለበት ጎን ወደ ታች ሆኖ በጎኑ ይተኛ። በጀርባ ማንጋለል ደሙን ወደ ደህናው ሳንባ መላክ ነው። «ውኃ ቅመስ» ይቅር። 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደወል፤ ካልደረሰ በተገኘው መኪና ድሬዳዋ ከሆናችሁ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ሆስፒታል። ሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ የሚጠበቀው የትንፋሹ መንገድ ነው። በቀጭን ቱቦ ገብቶ የሚደማውን ሥር መድፈንም አለ፣ በየሆስፒታሉ ባይገኝም።

የ6 ወሩን መድኃኒት ጨርሶ የዳነ ሰውም ከዓመታት በኋላ ሊደማ ይችላል። ባክቴሪያው ቢጠፋም ክፍተቱ ይቀራል፤ አንዳንዴ ፈንገስ ጎጆ ይሠራበታል። ስለዚህ «ቲቢዬ አገረሸ» ብሎ የተረፈ ክኒን ከመዋጥ በፊት አክታ ይመርመር። ፍራሽ ሥር የተረሳውን የድሮ ራጅም አትጣሉት፤ የትኛው ጎን እንደተጎዳ የሚናገረው እሱ ነው።