በተያዘ አገር ሰማይ የወደቁ ቦምብ ጣዮችና ሠራተኞቻቸው

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ እየተነሡ ጀርመንን የሚደበድቡ አውሮፕላኖች ዒላማቸው ጋ ለመድረስ የሌላ ሕዝብ ሰማይ ማቋረጥ ነበረባቸው። ሆላንድ፣ ቤልጂየም፣ ፈረንሳይና ዴንማርክ ያኔ በጀርመን ጦር እጅ ነበሩ። በዚህ መንገድ ሲሄዱም ሲመለሱም ብዙ አውሮፕላኖች ወደቁ። የገበሬ ማሳ ላይ የወደቀ አለ። ሐይቅ ውስጥ የሰመጠ አለ። ሰው ቤት ላይ የተከሰከሰም አለ። ሆላንድ ምድርና ውኃ ላይ ብቻ ከሁሉም ወገን ከ5,000 በላይ አውሮፕላኖች ወድቀዋል። ለዚያች ትንሽ አገር ይህ ከባድ ቁጥር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንግሊዝ አየር ኃይል ይህን ሥራ የያዘው ክፍል ቦምበር ኮማንድ ይባላል። በጦርነቱ ዘመን ወደ 125,000 የሚጠጉ የበረራ ሠራተኞች አገልግለውበታል። ከእነሱ 55,573ቱ ሞተዋል። ከመቶው አርባ አራቱ ማለት ነው። ወደ 10,000 የሚሆኑት ደግሞ ተማርከዋል። ሁሉም ለበረራ ሥራው በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ናቸው። አብዛኞቹ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ። እንግሊዛውያን ብቻም አልነበሩም። ካናዳውያን፣ አውስትራሊያውያን፣ ኒውዚላንዳውያንና ፖላንዳውያን ነበሩበት። ከካሪቢያን ደሴቶችና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡም ነበሩ።

አንድ ሰው 30 ዘመቻ ከጨረሰ ለጊዜው ያርፋል። ሠላሳ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ግን በ1943 በአንድ ሌሊት ከተላኩት መቶ አውሮፕላኖች አራት አምስቱ ሳይመለሱ መቅረታቸው የተለመደ ነበር። በየሌሊቱ ከመቶ አራት ቢጠፋ እንኳ፣ ሠላሳ ጊዜ ወጥቶ ሠላሳ ጊዜ የሚመለሰው ከአሥር ሰው ሦስት አይሞላም። ከሁሉ የከፋው ሌሊት ደግሞ ማርች 30 ቀን 1944 ለ31 አጥቢያ ነው። ኑረምበርግን ለመደብደብ 795 አውሮፕላኖች ተልከው 95 ያህሉ በዚያው ቀሩ።

የሌሊቱ አደን

ጀርመኖች መንገዱን አጥረውት ነበር። ጄኔራል ዮሴፍ ካምሁበር ሰማዩን ከዴንማርክ አንሥቶ ወደ ደቡብ በሣጥን በሣጥን ከፋፈለው። እያንዳንዱ ሣጥን የራሱ ራዳር አለው። መሬት ላይ ሆኖ በሬዲዮ የሚመራ ሰው አለው። የሚመራው ተዋጊ አውሮፕላንም አለው። ሆላንድ ውስጥ ሊዋርደን፣ ዴለንና ቬንሎ፣ ቤልጂየም ውስጥ ሴንት ትሮንድ የእነዚህ የሌሊት አዳኞች ማረፊያ ነበሩ። ከመካከላቸው ስሙ የገነነው ሄይንዝ ቮልፍጋንግ ሽናውፈር ብቻውን 121 አውሮፕላን እንደጣለ ተመዝግቦለታል።

የሣጥኑ ድክመት በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ አደን ብቻ መሆኑ ነው። እንግሊዞች ይህ ገባቸው። በሜይ 1942 ኮሎኝን ሲደበድቡ ወደ 1,000 የሚጠጉ አውሮፕላኖችን ተራ በተራ ከመላክ ይልቅ በአንድ ጠባብ መስመር አግተልትለው አሳለፏቸው። በጁላይ 1943 ሃምቡርግ ላይ ደግሞ የብረት ቅብ ያላቸው የወረቀት ቁራጮች ከሰማይ በተኑ። አዳኞቹን የሚመራው የጀርመን ራዳር ታወረ።

ጀርመኖች ግን ወዲያው መላ አበጁ። ተዋጊ አውሮፕላኖቻቸው ጀርባ ላይ ሽቅብ የሚተኩስ መድፍ ገጠሙ። አዳኙ በጨለማ ከቦምብ ጣዩ ሆድ ሥር ይገባል። ፍጥነቱን ያስተካክላል። ከዚያ ክንፉ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ጋን ይመታል። ሆዱን የማይመታው ቦምቡ ፈንድቶ እሱንም ይዞት እንዳይሄድ ነው። ላንካስተር ለሚባለው ዋናው ቦምብ ጣይ ይህ አደጋ ከባድ ነበር። አብዛኞቹ ላንካስተሮች ከሆዳቸው ሥር ወደ ታች የሚያይ መስኮትም፣ ወደ ታች የሚተኩስ መትረየስም አልነበራቸውም። ብዙ ሠራተኞች ማን እንደመታቸው ሳያዩ ሞተዋል።

ከሚነድ አውሮፕላን መውጣት

ላንካስተር ሰባት ሰው ይይዛል። አብራሪው፣ የበረራ መሐንዲሱ፣ አቅጣጫ ቀያሹ፣ ቦምብ አነጣጣሪውና ሬዲዮ ኦፕሬተሩ ከፊት ናቸው። አንዱ መትረየስ ተኳሽ ጀርባው ላይ፣ ሌላው ጭራው ላይ ተነጥለው ይቀመጣሉ።

አውሮፕላኑ ሲመታ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያንሳል። ከፊት ያሉት የሚወጡት አፍንጫው ወለል ላይ ባለች አንዲት መዝጊያ ነው። መዝጊያዋ ወርዷ 22 ኢንች ነበር። ሃሊፋክስ የሚባለው ሌላው ቦምብ ጣይ ግን 24 ኢንች ነበረው። በኋላ ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ የሆነው ፍሪማን ዳይሰን ያኔ በቦምበር ኮማንድ የጥናት ክፍል ይሠራ ነበር። እሱ እንደጻፈው፣ ተመትቶ ከሚወድቅ ሃሊፋክስ ከሠራተኞቹ ሩብ ያህሉ በሕይወት ሲወጡ፣ ከላንካስተር የሚወጡት ከመቶ 15 ብቻ ነበሩ። የወፍራም በረራ ልብስና የፓራሹት ትጥቅ ለለበሰ ሰው ሁለት ኢንች ቀላል ነገር አይደለም። ጥናቱ እየታወቀ መዝጊያዋ ጦርነቱ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ አለመስፋቷ ዛሬም ያንገበግባል።

የጭራው ተኳሽ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። የተቀመጠበት ጎጆ ጠባብ ስለሆነ ፓራሹቱ ከጀርባው፣ ከበሩ ውጭ ተሰቅሎ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎጆውን ወደ መሐል ያዞራል። በሩን ይከፍታል። እጁን ዘርግቶ ፓራሹቱን ያወርዳል። ደረቱ ላይ ይቆልፋል። ከዚያ ጎጆውን ወደ ጎን አዙሮ በጀርባው ይወድቃል። ጎጆውን የሚያዞረው ግፊት ሞተሩ ሲመታ አብሮ ስለሚጠፋ በእጅ እያሽከረከሩ ማዞርም ነበረበት። ይህ ሁሉ በጨለማና በእሳት መሐል ነው።

አብራሪው የሚዘለው በመጨረሻ ነው። ሌሎቹ እስኪወጡ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። መሪውን ሲለቅ አውሮፕላኑ ስለሚሽከረከር ብዙዎቹ ለራሳቸው ጊዜ አላገኙም።

መሬት ላይ ያለው ሰው

በፓራሹት የወረደው ልጅ ከዚህ በኋላ ሕይወቱ በማያውቀው ሰው እጅ ነው። ኪሱ ውስጥ በሐር ጨርቅ ላይ የታተመ ካርታ፣ ትንሽ ኮምፓስና የአገሩ ገንዘብ አለ። ቋንቋው ግን የለውም። የጎረቤቱን በር የሚያውቅ፣ ወታደር የሚያድርበትን ቤት የሚለይ፣ ልብስ የሚያለብሰው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው።

ቅጣቱ ደግሞ እኩል አልነበረም። የአየር ኃይሉ ልጅ ቢያዝ አብዛኛውን ጊዜ የጦር ምርኮኛ ነው፤ ካምፕ ይገባል፤ በቀይ መስቀል በኩል ይጻጻፋል። ያስጠጋው ገበሬ ቢያዝ ግን ይረሸናል። ጀርመኖች በሴፕቴምበር 1941 ፈረንሳይ ውስጥ በለጠፉት ማስታወቂያ ይህን በግልጽ ተናግረዋል። አብራሪ የረዳ ወንድ ይገደላል፤ ሴት ማጎሪያ ካምፕ ትላካለች፤ የጠቆመ ገንዘብ ይሸለማል። ስለ ቦምብ ጣዮች ሲወራ የአብራሪዎቹ ጀግንነት ይቀድማል። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ድፍረት በሩን የከፈተው ሰው ድፍረት ነው። እሱ አልሠለጠነም፣ ደመወዝ የለውም፣ ልጆቹም እቤት ናቸው።

ከእነዚህ ሰዎች መሐል አንድሬ ደ ዮንግ የምትባል ቤልጂየማዊት አለች። በ1941፣ ገና በ24 ዓመቷ፣ ከብራስልስ ፓሪስ፣ ከፓሪስ በፒሬኔ ተራሮች በኩል ስፔን የሚያደርስ የማምለጫ መስመር ዘረጋች። መስመሩ በኋላ ኮሜት ተባለ። በኦገስት 1941 አንድ የስኮትላንድ ወታደርና ሁለት ቤልጂየማውያንን ይዛ ቢልባኦ ከሚገኘው የእንግሊዝ ቆንስላ በር ላይ ቆመች። በኋላ የመስመሩን ሰዎች በብዛት ተራራውን የሚያሻግራቸው በኮንትሮባንድ የኖረ፣ ፍሎረንቲኖ ጎይኮቼያ የሚባል የባስክ ሰው ነበር። እሷ ራሷ ከመቶ በላይ ሰዎችን አሻግራለች።

መስመሩን የጎዳው ሰርጎ ገብ ነው። በኖቬምበር 1942 ሁለት ጀርመኖች አሜሪካዊ አብራሪ መስለው ብራስልስ ውስጥ ገቡ። የእነሱ መዘዝ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎችን አሳሰረ። በጃንዋሪ 1943 ደ ዮንግም በተራሮቹ ግርጌ ተያዘች። በምርመራ ላይ የመስመሩ መሪ እኔ ነኝ ብላ አመነች። የጀርመን ምስጢራዊ ፖሊሶች፣ ጌስታፖዎች፣ ግን ይቺ ትንሽ ሴት ይህን ያህል ልትሠራ አትችልም ብለው አላመኗትም። በዚህ ሳይረሽኗት ቀሩ። ራቨንስብሩክና ማውትሃውዘን ካምፖች ገብታ በሕይወት ወጣች። አባቷ ፍሬዴሪክ ግን በማርች 1944 ፓሪስ አጠገብ ተረሽነዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ነርስ ሆነች። ኮንጎና ካሜሩን ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን አገለገለች። ከዚያም አዲስ አበባ መጥታ በዚያው ሥራ ቆይታለች። ኖራበት በሄደችው ከተማ ስሟ እምብዛም አለመነሣቱ ይቆጨኛል። ብራስልስ ውስጥ በ2007 አረፈች።

ሁሉም በር ተከፈተ ማለት ግን አይደለም። ሳይ ግራንት የጉያና ተወላጅ የሆነ ጥቁር አቅጣጫ ቀያሽ ነበር። በጁን 1943 ከጌልሰንኪርሸን ሲመለስ ላንካስተሩ ሆላንድ ላይ ተመታ። አውሮፕላኑ የወደቀው የገበሬ ቤት ላይ ሲሆን የቤቱ እመቤት ሞተች። ግራንት በፓራሹት ማሳ ውስጥ ወረደ። አንድ የገበሬ ቤተሰብ አስጠጋው፤ አበላው። አንድ ሆላንዳዊ ፖሊስ ግን ለጀርመኖች አስረከበው። በዚያ ገጠር ውስጥ ጥቁር ሰው ሕዝብ መሐል ተቀላቅሎ ልሂድ ቢል እንዴት ብሎ? ሁለት ዓመት ገደማ በምርኮ ቆየ። ኋላ ዘፋኝና ተዋናይ ሆኖ እንግሊዝ ውስጥ ታወቀ።

ተደብቀው ሲቪል ልብስ የለበሱትን ደግሞ ጀርመኖች ሰላይ ናችሁ ማለት ይችሉ ነበር። በ1944 ፓሪስ ውስጥ በጥቆማ የተያዙ 168 የበረራ ሠራተኞች ወደ ምርኮኛ ካምፕ ሳይሆን ወደ ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ተጫኑ። ሁለቱ እዚያ ሞቱ። ከቀሩት አብዛኞቹ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የአየር ኃይል ምርኮኞች ወደሚያዙበት ካምፕ ተዛወሩ።

ፍለጋው

ጦርነቱ ሲያልቅ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰዎች የት እንደደረሱ አይታወቅም ነበር። አየር ኃይሉ ፈላጊ ቡድኖችን አሰማራ። ቡድኖቹ መንደር ለመንደር ዞሩ። ቄሱን፣ ከንቲባውንና መቃብር ቆፋሪውን ጠየቁ። መቃብር ከፍተው በቀለበት፣ በጫማ፣ በልብስ አንገትጌ ላይ ባለ የልብስ ማጠቢያ ቤት ምልክት ጭምር ስም ፈለጉ። ብዙዎቹ ተገኙ። ያልተገኙት ከ20,000 በላይ ስሞች ለንደን አጠገብ ራኒሚድ በሚገኘው መታሰቢያ ላይ ተቀርጸዋል።

ጀርመን ውስጥ የተቀበሩት ወደ ትላልቅ የጦር መካነ መቃብሮች ተሰበሰቡ። በተያዙት አገሮች ግን ብዙዎቹ የመንደሩ ሰው በቀበራቸው ቦታ ቀሩ። ዛሬም በሆላንድና በዴንማርክ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከመንደርተኛው መቃብር ጎን ለጎን የሰባት ልጆች ነጭ ድንጋይ ይታያል።

የሆላንድ መሬት ለስላሳ ስለሆነ ብዙ አውሮፕላን ሜትሮች ወደ ታች ሰምጦ ቀርቷል። መንግሥት በ2019 ገደማ የሠራተኞች አፅም ይገኝባቸዋል የተባሉ ከ30 እስከ 50 የሚሆኑ ስብርባሪዎችን የማውጣት ፕሮግራም ጀመረ። በ2020 ከማርከርሜር ሐይቅ ስተርሊንግ የተባለ ቦምብ ጣይ ወጣ። አውሮፕላኑ በማርች 1943 ከበርሊን ሲመለስ የወደቀ ነው። የተገኘው በ2008 አንዲት የነፍስ አድን ጀልባ ስብርባሪውን በመልሕቋ ስታወጣ ነው። መጀመሪያ የሌላ ስተርሊንግ መስሏቸው ነበር። ትክክለኛውን ለማወቅ ከረዱት ነገሮች አንዱ የአንድ ሠራተኛ ስም መነሻ ፊደላት ያሉበት የሲጋራ መያዣ ነው። በ2023 ደግሞ በጁን 1943 ከቦኹም ሲመለስ የተመታ ላንካስተር ከአይስልሜር ሐይቅ ወጥቷል። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ውኃው ይገደባል፣ ጭቃው ይጠለላል፣ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ካለ ባለሙያ ያነሣዋል። አፅም ከተገኘ በዘመድ ዘረ መል ይመረመራል። ማንነቱ ሲታወቅ ቤተሰቡ ባለበት በወታደራዊ ሥርዓት ይቀበራል።