ጉዞ እና የአርክቴክት ዓይን

ለአርክቴክት ጉዞ ሽርሽር ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የትምህርቱ አካል ነው። ፈረንሳይ በ1666 ሮም ላይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ከፈተች (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1720 ጀምሮ ደግሞ በአርክቴክቸር ውድድር አንደኛ የወጣ ወጣት በመንግሥት ወጪ ወደዚያ ይላክ ነበር። ሥራው የጥንት ፍርስራሾችን እየለኩ መሳል ነው። ውድድሩ እስከ 1968 ዘልቋል።

ታዲያ ፎቶ አይበቃም ወይ? በከፊል ይበቃል። ፎቶ መልክ ያሳያል እንጂ ልክ አይነግርም። ከጠባብ መተላለፊያ ወደ ሰፊ አዳራሽ ሲወጡ የሚሰማው እፎይታ፣ የድምፁ ማስተጋባት፣ የድንጋዩ ቅዝቃዜ እዚያው ቆመው ካልሆነ አይገኙም።

ጉዞ ምን እንደሚሰጥ ለማየት ታዋቂውን የስዊስ-ፈረንሳይ አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬን (Le Corbusier) የመሰለ ምሳሌ የለም። በ1907፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ፍሎረንስ አጠገብ ያለውን የኤማ ገዳም አየ። እያንዳንዱ መነኩሴ የራሱ ትንሽ ቤትና የአትክልት ቦታ ነበረው። ቤተ ክርስቲያኑና የምግብ አዳራሹ ግን የጋራ ነበሩ። ብቻውን መሆን የሚፈልግ ሰው ከሌሎች ጋርም መኖር ይችላል ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ለአሥርት ዓመታት ውስጡ ቆየ። በ1952 ማርሴይ ላይ የተጠናቀቀው ባለ 337 መኖሪያ ቤት ህንጻው ከገዳሙ ጋር በመልክ ፈጽሞ አይገናኝም። የአኗኗሩ ሐሳብ ግን ከዚያ የመጣ ነው። እንደ እኔ እምነት ጥሩ ጉዞ የሚለየው በዚህ ነው፤ ቅርጽ ሳይሆን ሐሳብ ይዞ መመለስ።

ዴንማርካዊው አርክቴክት ዮርን ኡትዞንም በ1949 ሜክሲኮ ሄዶ የማያ ሕዝቦች የሠሯቸውን ከፍ ያሉ የድንጋይ መደቦች አየ። መደቡ ላይ የወጣ ሰው ከጥቅጥቁ ጫካ በላይ ሆኖ ሰማዩን ያገኛል። እሱ የነደፈው፣ አውስትራሊያ ያለው የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ጣሪያው ነው። ጣሪያው የተቀመጠበት ግዙፍ መደብ ግን የዚያ ጉዞ ውጤት ነው። የሚገርመው፣ ኡትዞን በ1957 የኦፔራ ሃውሱን የንድፍ ውድድር ሲያሸንፍ ሲድኒን በዓይኑ አላያትም ነበር!

ዕድሜም አይገድብም። አሜሪካዊው አርክቴክት ሉዊስ ካን ሃምሳ ሊሞላው ሲል ሮም ከረመ፤ ግብፅንና ግሪክንም ጎበኘ። ከዚያ በኋላ ሥራዎቹ ከበድ ያለ ግድግዳና የብርሃን ጨዋታ የሚታይባቸው ሆኑ። ጃፓናዊው አርክቴክት ታዳዎ አንዶ ደግሞ የአርክቴክቸር ዲግሪ የለውም፤ ጉዞና መጻሕፍት ናቸው ያስተማሩት።

ሁሉም ጉዞ ግን እንዲህ ፍሬ አያፈራም። የሌላ አገር ጣሪያ ወይም ቅስት ወድዶ የአየር ንብረቱን ሳያስብ የሚገለብጥ ሞልቷል። በሞባይል ቀጭ ቀጭ አድርጎ የሚያልፍም እንደዚያው። እጅ ሲስል ዓይን መቆም ግድ ይለዋል፤ መስኮቱ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ደረጃው የት እንደሚታጠፍ ያስተውላል። ብዙ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለጉብኝት ሲያወጡ ዛሬም እርሳስና ስኬች ደብተር የሚያስይዙት ለዚህ ነው።