«ዕቃው ፎርጅድ ነው» አትበሉኝ

ሰሞኑን አንዲት እናት ፕሬዠር ኩከር በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ጥገና ቤቴ መጡ። «ልጄ፣ ፎርጅድ ሸጠውልኝ ነው። ወረቀቱ 20 ደቂቃ ይላል፣ ሽንብራው ግን ድንጋይ ነው» አሉኝ። ጎማውን አየሁት፣ ደህና ነው። ቫልቩን አየሁት፣ ንጹህ ነው። ጥቂት ውሃ ጨምሬ ጣድኩት፣ ብዙም ሳይቆይ ሹ ማለት ጀመረ። ምንም የሚጠገን ነገር የለውም። በዚህ ወር ብቻ ደህና ዕቃ ይዞ «አበላሹብኝ» ያለኝ ሰው ሲመጣ ይሄ ሦስተኛው ነው።

ችግሩ ማኑዋሉ ነው። ወይም ማኑዋሉን የምናነብበት መንገድ።

የፕሬዠር ኩከር ደቂቃ ከተጣደበት ጊዜ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ግፊቱ ሞልቶ ቫልቩ መጮህ ሲጀምር ነው። ድስቱ ሞላ ካለ እዚያ ለመድረስ ብቻ 10 እና 15 ደቂቃ ይፈጃል። ማኑዋሉ ይሄን ይጽፈዋል። ግን የት? ከሠላሳ ማስጠንቀቂያ በኋላ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል።

ሌላው ነገር ብዙ ማኑዋል ላይ ጭራሽ የለም። ያ 20 ደቂቃ የተሰላው በባሕር ጠለል ከፍታ ላለ ማድቤት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። «የኔ ድስት እኮ ዝግ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ዝግም ቢሆን አያመልጥም። ቫልቩ የሚይዘው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ የውጭው አየር ሲሳሳ የውስጡም አብሮ ይወርዳል። እዚያ 120 ዲግሪ የሚደርሰው እዚህ 116 አካባቢ ይቆማል። አራት ዲግሪ ምን አላት እንዳትሉ፤ ሽንብራ ታውቃታለች።

የተለመደው ስሌት ይሄ ነው፦ ከ600 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 5 በመቶ ጊዜ ጨምሩ። ለአዲስ አበባ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል፤ 20 ደቂቃው 26 ይሆናል። ድሬዳዋ ላለ ሰው 10 በመቶ ይበቃዋል። ደብረ ብርሃን ያለው ከኛም በላይ ይታገሥ። ባለቤቴ ሞክራ ያገኘችውን ደቂቃ የካቢኔቱ በር ጀርባ ላይ በማርከር ጽፋዋለች፤ «ሽንብራ፣ የተዘፈዘፈ፣ 26»። ከዚያ ወዲህ ማኑዋሉን የገለጠ የለም። አንድ ነገር ግን ማኑዋሉን ስሙት፦ ክክና ሽንብራ ያብጣል፣ አረፋም ያወጣል፣ ስለዚህ ድስቱን ከግማሽ አታሳልፉ። ቫልቩ ከተደፈነ ያኔ በእውነት ትፈልጉኛላችሁ።

«እንግሊዝኛው አልገባኝ ብሎ ነው» የሚሉኝም አሉ። ኧረ ተዉ። ኢንጂነር ደንበኛ አለኝ፣ እሱም አልገባውም። አንዱን ወረቀት ለአምስት ሞዴል ያትሙታል፤ እናንተ ዕቃው ላይ የሌለ ቁልፍ ስትፈልጉ ታመሻላችሁ።

የራይስ ኩከር «1 ኩባያ» የቤታችሁ ኩባያ አይደለም። አብራ የምትመጣው ትንሿ መለኪያ ናት፣ 180 ሚሊ ሊትር። የድስቱ መስመሮች የተሠመሩት በሷ ነው፣ አትጣሏት።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ላይ አዳፕተር መሰካት ቮልቴጅ አይቀይርም፣ የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ዕቃው 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ያነደዋል። እንዲህ ያለውን ገና በር ላይ ሳለ በቃጠሎ ሽታው ነው የማውቀው።

ብሌንደር ሥር «ኬቢ 1 ደቂቃ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። አንድ ጎረምሳ ኪሎባይት ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ። ከጀርመንኛ የመጣ ምልክት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ1 ደቂቃ በላይ አታሠሩት፣ ከዚያ አሳርፉት ማለት ነው። ደረቅ በርበሬ ለመፍጨትማ ወፍጮ ቤት አለ።

የኤሌክትሪክ እንቁላል መቀቀያዋ ግን ሰውን ሁሉ ታሳብዳለች። መለኪያዋ ላይ ለ1 እንቁላል የሚፈለገው ውሃ ለ7ቱ ከሚፈለገው ይበልጣል። «ተገልብጦ ታትሟል» ይላሉ። አልተገለበጠም። እንፋሎቱ እንቁላሎቹ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠብና እንደገና ይፈላል። እንቁላሉ ሲበዛ ያው ውሃ ደጋግሞ ይሠራል፤ መቀቀያዋም የምታቆመው ውሃው ሲያልቅ ነው። አንድ ደንበኛዬ ይሄን ሁሉ አስረድቼው ራሱን ነቀነቀ። ለካ መለኪያዋን ድሮ ጥሏታል። ሥሯ ላይ ያለችው የእንቁላል መብሻ መርፌ ጣቱን ወግታው ነው። «መርፌ የሌላት ታገኝልኛለህ?» አለኝ።