«ሆሳዕና ባሉበት አፍ ስቀለው»

ሰሞኑን ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር ቡና እየጠጣን የኳስ ወሬ ተነሳ። አምና ትከሻ ላይ ተሸክመው የጨፈሩበትን አሰልጣኝ ዘንድሮ «ይባረርልን» እያሉ ነው። አንድ ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ወይ የኛ ሰው! ሆሳዕና ባሉበት አፍ ስቀለው» ብለው ወሬውን ዘጉት።

ትርጉሙ አያስቸግርም። ዛሬ እልል ያለልህ ሕዝብ ነገ ይዞርብሃል ነው ነገሩ። «ዛሬ ሆሳዕና፣ ነገ ስቀለው» የሚሉትም አሉ። ለሹመኛም፣ ለዘፋኝም፣ ለአማችም ይሠራል።

መነሻው ወንጌል ነው። ጌታ በአህያ ተቀምጦ ኢየሩሳሌም ሲገባ ሰዉ ልብሱን እያነጠፈ «ሆሳዕና» አለ። ቃሉ ዕብራይስጥ ነው፣ «እባክህ አድነን» ማለት። ልመና የነበረው ቆይቶ ምስጋና ሆነ። አርብ ግን ጲላጦስ ፊት የተሰማው «ስቀለው!» ነው።

ያ አገባብ በየዓመቱ በሰልፍ ይታሰባል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ኤጄሪያ የምትባል ተሳላሚ ኢየሩሳሌም ያየችውን ጽፋ ትታለች፤ ሰዉ ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ቆይቶ 11 ሰዓት ላይ (ልክ እንደኛው አቆጣጠር፣ ማምሻውን ማለት ነው) ወንጌሉ ይነበብና ጳጳሱን አጅቦ በእግሩ ወደ ከተማው ይወርዳል፣ ልጆቹ ዘንባባና የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው፣ መሄድ ያልቻሉት ደግሞ በወላጆቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው። ጀርመኖች በመካከለኛው ዘመን የእንጨት አህያ ሠርተው፣ የክርስቶስን ምስል አስቀምጠውበት፣ በመንኮራኩር እየጎተቱ ከተማ ያዞሩ ነበር። እኛ ጋ ቤተ ክርስቲያኑ ይዞራል፣ በአራቱም አቅጣጫ ወንጌል ይነበባል። ዘንባባውም ጣት ላይ ቀለበት፣ ግንባር ላይ መስቀል ይሆናል። ጅማ ውስጥ ባጃጅ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ የሚሰነብትም አይጠፋም።

ግን አባባሉ ሕዝቡን ትንሽ የበደለው ይመስለኛል። ማቴዎስን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሆሳዕና ያሉት ከፊት እየቀደሙ፣ ከኋላ እየተከተሉ አብረውት የመጡት ናቸው። ከተማው ግን ግራ ተጋብቶ «ይህ ማን ነው?» ነው ያለው (21፥10)። ስቀለው የሚሉትን ደግሞ የካህናት አለቆች አግባብተዋቸው ነበር (27፥20)። ሁለቱ ሕዝብ አንድ ነው የሚል ቃል አላገኘሁም።

ይህን ለጋሼ ብነግራቸው «አንተ ደግሞ! እኔ ስለ አሰልጣኙ ነው የማወራው» አሉኝ።