«ገባዎት?» ቲች-ባክ አይደለም

ሰሞኑን የፋርማሲ ተማሪዎችን የተግባር ፈተና ስንፈትን ነበር። ቅጹ ላይ «ቲች-ባክ ተጠቅሟል» የሚል ሳጥን አለ። ቲች-ባክ ያስረዳነውን ሰውየው በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግረን መጠየቅ ነው። ተማሪው የወባ መድኃኒቱን ጥሩ አድርጎ አስረዳ። ሲጨርስ «ገባዎት እናቴ?» አለ። ታካሚ ሆነው የሚተውኑት ሴትዮ «አዎ ልጄ» አሉ። አጠገቤ ያለው ፈታኝ ራይት አደረገለት። እኔ ደሜ ፈላ።

ለዚህ ጥያቄ እኛ ዘንድ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው። ይሉኝታ አለ፣ ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ነጭ ጋውን አለ። ማን ደፍሮ «አልገባኝም» ይላል?

ቲች-ባክ ያስረዳነውን ሰውየው በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግረን መጠየቅ ነው። ስለ ቲች-ባክ ግን አንድ አስተያየት ሰጪ «አዛውንትን እንደ ተማሪ መፈተን ነውር ነው» ባይ ነው። ወንድሜ፣ የሚፈተነው እኮ ፋርማሲስቱ ነው! መልሱ ከተሳሳተ የተበላሸው የእኔ አነጋገር ነው። ቀይሬ አስረዳለሁ፣ እንደገና እጠይቃለሁ። ለዚህ ነው «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው፤ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት ብለው ይነግሯታል?» የምንለው።

ልጇን ሱቅ የምትልክ እናት አስቡ። «ምን አምጣ አልኩህ?» ትላለች። «ግማሽ ኪሎ ስኳር» ይላል። ብልህ እናት እዚህ አታቆምም፤ ልጁ እንደ በቀቀን መድገም ይችላላ። «ስኳር ከሌለውስ?» ትለዋለች። «ጨው አመጣለሁ» ካለ ችግሩ ከደጅ ሳይወጣ ተያዘ። ሳትጠይቀው ልካው ጨው ይዞ ቢመጣ ግን ማንን ትቆጣለች? (ታካሚ ልጅ አይደለም፣ አውቃለሁ። ምሳሌው እዚህ ጋ ያነክሳል።)

ወደ ፈተናው ልመለስ። ተማሪው ስለ ወባ መድኃኒቱ፣ ስለ ኮአርተም፣ «ሁለተኛውን ከ8 ሰዓት በኋላ ይውሰዱ» ብሎ ነበር። ሲወጣ ሴትዮዋን ጠየቅኳቸው፦ «የመጀመሪያውን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዋጡት እንበል። ሁለተኛውን መቼ ይወስዳሉ?»

«ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል።»

አምስት ሰዓት ብቻ ቆይተው ማለት ነው። ትክክሉ 11 ሰዓት ነበር። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፤ አማርኛው ሁለቱንም ይላል። ቃል በቃል ድገሙ ቢባሉ ደግሞ ያለ አንዳች ስህተት «ከ8 ሰዓት በኋላ» ይሉ ነበር።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር። ለአስም ፓፍ ወሬ አይበቃም። «እነቀንቀዋለሁ፣ ትንፋሼን አወጣለሁ፣ እየተጫንኩ ቀስ ብዬ እስባለሁ፣ እስከ 10 ሰከንድ እይዛለሁ» ብሎ የሚያነበንብ ሰው፣ ፓፉን ሲሰጡት ምላሱ ላይ ሊረጨው ይችላል። እዚያ ጋ «ይንገሩኝ» ሳይሆን «እስቲ ያሳዩኝ» ነው።

ለባልደረባም ያው ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በደም ሥር ከገባ ልብ ሊያቆም ይችላል። ይህን ለአዲስ ነርስ ነግሮ «ገባሽ?» ብሎ መሄድ ድፍረት ነው። «በስንት ፈሳሽ ትበርዢዋለሽ? በምን ያህል ሰዓት ይገባል?» ይባላል።

ይህን ሁሉ ለዚያ ፈታኝ ነገርኩት። «ገብቶኛል» አለኝ።

«እሺ፣ ለተማሪው እንዴት ብለህ ትነግረዋለህ?» አልኩት።