የሙዚቃ መሣሪያዎች ቤተሰብ፦ በገና ከክራር፣ ሳክስፎን ከዋሽንት

የሙዚቃ መሣሪያዎችን በቤተሰብ መመደብ ሲታይ ቀላል ነው። ክር ያለውን ከክር፣ የሚነፋውን ከሚነፋ፣ የሚመታውን ከሚመታ ጋር ማድረግ። እኛም በብዛት የምናውቀው ይህንኑ ነው፤ የክር፣ የትንፋሽና የምት መሣሪያዎች። ክራር፣ በገናና ማሲንቆ በአንድ ወገን ይቆማሉ። ዋሽንት፣ እምቢልታና መለከት በሌላው። ከበሮ፣ ነጋሪትና ጸናጽል በሦስተኛው።

ለዕለት ተዕለት ወሬ ይበቃል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ይላላል። ጸናጽል ይወዘወዛል እንጂ አይመታም። በጋምቤላ አኙዋኮች የሚጫወቱት ቶም ደግሞ ከእንጨት ገላ ላይ የተተከሉ ቀጫጭን ልሳኖች አሉት፤ ተጫዋቹ በአውራ ጣቱ እየጫነ ይለቃቸዋል። ክር የለውም፣ አይነፋም፣ አይመታም። የት ይግባ?

ጥያቄው የቆየ ነው። የጥንት ቻይናውያን መሣሪያዎቻቸውን በተሠሩበት ነገር ለስምንት ከፍለዋል፤ ብረት፣ ድንጋይ፣ ሐር፣ ቀርከሃ፣ ቅል፣ ሸክላ፣ ቆዳና እንጨት። ሕንዶች ግን ድምፁ የሚወጣበትን መንገድ ይዘው በአራት መደቡ፤ ክር የተወጠረበት፣ ቆዳ የለበሰ፣ የሚነፋና ድፍን። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቪክቶር ማሂዮን የተባለ ቤልጅማዊ በብራስልስ የነበረውን የመሣሪያ ስብስብ በመዝገብ ሲያሰፍር የተጠቀመው አከፋፈል ከሕንዶቹ ጋር ይቀራረባል። ከዚያ ኤሪክ ፎን ሆርንቦስቴልና ኩርት ዛክስ የተባሉ የሙዚቃ አጥኚዎች ነገሩን አስፍተው በ1914 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ አሳተሙት። ዛሬ ሙዚየሞችና አጥኚዎች በብዛት የሚሠሩት በእነሱ አከፋፈል ነው።

የሁለቱ ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ ድምፅ ለማውጣት የሚርገበገበው ምንድን ነው? የመሣሪያው ገላ ራሱ ከሆነ አይዲዮፎን ይባላል። የተወጠረ ቆዳ ከሆነ ሜምብራኖፎን፣ ክር ከሆነ ኮርዶፎን፣ አየር ከሆነ ኤሮፎን። በዚህ ሚዛን ጸናጽል ከከበሮ ተለይቶ አይዲዮፎን ይሆናል። ቶምም ቤት አገኘ፤ የሚርገበገበው ልሳኑ ስለሆነ እሱም አይዲዮፎን ነው። በየገዳማቱ በድንጋይ የሚመታው የድንጋይ ደወልም እዚያው ነው። የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ኤሌክትሪክ ሞተር ቢኖረውም ዘመዱ ከእነዚሁ ነው። ድምፁን የሚያወጡት የሚመቱት የብረት ዘንጎች ናቸውና።

የክር ቤተሰብ ለእኛ ሰው የበለጠ ይጥማል። መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ክራርም ማሲንቆም በገናም ገላቸው ቆዳ ለብሷል። ታዲያ ለምን ከከበሮ ጋር አልተመደቡም? ድምፁ የሚነሳው ከክሩ ስለሆነ ነው። ቆዳው የክሩን ድምፅ ተቀብሎ ያጎላል እንጂ ራሱ አይመታም።

ክራርና በገና ሁለቱም ላየር ከሚባለው ዘር ናቸው። ከገላው ሁለት ቋሚዎች ይወጣሉ፣ ከላይ አግዳሚ ያያይዛቸዋል፣ ክሮቹ ከአግዳሚው ወደ ገላው ይወርዳሉ። በገናን የዳዊት ሃርፕ ማለት ተለምዷል፤ በአሠራሩ ግን ሃርፕ አይደለም። የሃርፕ ክሮች ከገላው ላይ ቀጥ ብለው ይነሳሉ፤ የበገናዎቹ ግን ከገላው ገጽ ጋር ትይዩ ይሄዳሉ። ሆርንቦስቴልና ዛክስ ለየመሣሪያው ዓይነት በሰጡት መለያ ቁጥር ጎድጓዳ ገላ ያለው ክራር 321.21፣ ሳጥን መሰል ገላ ያለው በገና 321.22 ነው። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው። በገና አሥር ክሮች አሉት፤ ክራር አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት። ያ የበገና መነዝነዝ የሚመጣው በክሩና በድልድዩ መካከል ከምትገባው ትንሽ ቆዳ ነው። ማሲንቆ ከሁለቱ ራቅ ይላል። አንዲት የፈረስ ጭራ ክር አንገት ላይ ተወጥራ፣ በሌላ የፈረስ ጭራ በተወጠረበት ደጋን ትፈተጋለች። በዚህ ለቫዮሊን የበለጠ ትቀርባለች።

የሚነፉት ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል፤ ጥፋቱ ግን የኦርኬስትራ ነው። ኦርኬስትራ በክር፣ በእንጨት ትንፋሽ፣ በነሐስ ትንፋሽና በምት ይከፈላል። ሳክስፎን ከነሐስ የተሠራ ሆኖ ሳለ የሚቆጠረው ከእንጨቶቹ ጋር ነው። አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ያስመዘገበው ይህ መሣሪያ አፉ ላይ የሸምበቆ ምላስ አለው፤ የሚርገበገበው እሱ ነው። የዘመኑ ፍሉትም ብረት ሆኖ እንጨት ይባላል። እውነቱን ለመናገር ስያሜው አሳሳች ነው፤ ግን ማንም ሊለውጠው አልቻለም። በነሐሱ ወገን ዋናው ነገር የነፊው ከንፈር መርገብገቡ ነው። ስለዚህ የእኛ መለከት ቀርከሃ ቢሆንም ዘመዱ ትራምፔት ነው። አብረውት በቤተ መንግሥት ሰልፍ ይነፉ የነበሩት እምቢልታዎች ግን ከዋሽንት ወገን ናቸው። የጣት ቀዳዳ ስለሌለው አንድ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይሞላም፤ ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ ነው የሚጨርሱት።

ይህ ሁሉ የአሠራር ዝምድና ነው። ሰው መሣሪያ የሚለየው ግን በአገልግሎቱም ነው። በአገራችን ይህኛው አከፋፈል ከሌላው ይልቅ ጠንካራ ይመስለኛል። ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ በማሕሌት ላይ አንድ ላይ ናቸው፤ በዛክስ መዝገብ ግን ከበሮና ጸናጽል ለየብቻ ናቸው። በገና የምስጋናና የንስሐ ነው፤ በተለይ በዐቢይ ጾም ይደረደራል። ክራር የዘፈንና የፍቅር፣ ማሲንቆ የአዝማሪ። በአሠራር ወንድማማች የሆኑት ክራርና በገና በወግ ግን አንድ ቤት አይገቡም።

ዛክስ በ1940 እ.ኤ.አ. አምስተኛ ቤተሰብ ጨመረ፤ ኤሌክትሮፎን። ድምፁ ከኤሌክትሪክ ለሚወለድ መሣሪያ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። ጠበቅ የሚያደርጉት ክሩ እስከተርገበገበ ድረስ ኮርዶፎን ነው፣ ማጉያው ድምፁን ከማጉላት አያልፍም ይላሉ። ማይክ የተገጠመለት ክራርም በዚህ ሕግ ክራር ነው። ሠርግ ላይ የማሲንቆ ድምፅ የሚያወጣው ኪቦርድ ግን ክርም ቆዳም ሳይኖረው የሚያዘፍን ስለሆነ ያለ ክርክር ኤሌክትሮፎን ውስጥ ይገባል።