የዴስክቶፕ በይነገጽ መሥሪያ መሣሪያዎች፦ ኪውት እና ሌሎቹ

የዴስክቶፕ በይነገጽ መሥሪያ መስኮቱን፣ ሜኑውን፣ በተኑንና የጽሑፍ ሳጥኑን አዘጋጅቶ ለፕሮግራመሩ የሚያቀርብ የኮድ ስብስብ ነው። ፕሮግራሙ ካደገ በኋላ መቀየር ማለት አብዛኛውን ሥራ እንደ አዲስ መጀመር ስለሆነ ምርጫው ቀድሞ ይታሰብበታል።

ለዊንዶውስ ብቻ ለሚሠራ ሰው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎርምስ (እ.ኤ.አ. 2002) እና ደብልዩፒኤፍ (2006) ዛሬም ያገለግላሉ። ፕሮግራሙን በድር ገጽ ቋንቋዎች የሚያሠራው ኤሌክትሮን የድር ገጽ መሥራት ለሚያውቁ ይቀላል፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ክሮሚየም የተባለውን የድር አሳሽ የራሱ አድርጎ ይዞ ስለሚመጣ ግን ሚሞሪ ይበላል።

ከሁሉም ታሪኩ በደንብ የተመዘገበለት ኪውት ነው። በ1990 ክረምት ኖርዌያውያኑ ሃቫርድ ኖርድ እና አይሪክ ቻምቤ-ኢንግ የአልትራሳውንድ ምስሎች ዳታቤዝ ይሠሩ ነበር። ሥራው በዩኒክስ፣ በማኪንቶሽና በዊንዶውስ እኩል እንዲሠራ ስለተፈለገ ለሦስቱም የሚሆን አንድ መሣሪያ አሰቡ። ያመጡት ዘዴ እስካሁን ያምራል፤ በተኑ ሲጫን «ተጫንኩ» የሚል ምልክት ይልካል፣ ማን እንደሚሰማው ማወቅ አይጠበቅበትም። የመጀመሪያው እትም በግንቦት 1995 ለሕዝብ ወጣ፤ በ1996 ማቲያስ ኤትሪሽ ለዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የተሟላ ዴስክቶፕ የሚሠራውን የኬዲኢን ፕሮጀክት በዚሁ ላይ ጀመረ።

የኪውት ፈቃድ ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ አልነበረም፤ ኮዱን ቀይሮ ማሰራጨት አይፈቅድም ነበር። ይህ ያሳሰባቸው ሰዎች በ1997 ጂኖም የተባለ ሌላ ዴስክቶፕ ጀመሩ፤ መሠረቱም ጂምፕ ለተባለው የሥዕል ፕሮግራም የተሠራው ጂቲኬ የተባለ የበይነገጽ መሥሪያ ሆነ። በ1998 የኪውት ባለቤት የነበረው ትሮልቴክ ከኬዲኢ ጋር ተስማምቶ የኪውትን ነጻነት የሚጠብቅ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ በ2000 ኪውት ጂፒኤል በተባለው ነጻ ፈቃድ ወጣ፤ ይህ ፈቃድ በእሱ የተሠራ ፕሮግራም የሚያሰራጭ ኮዱንም እንዲሰጥ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ የድሮው ወቀሳ መሠረት የለውም። ኖኪያ በ2008 ትሮልቴክን ገዛ፣ በ2009 ለኪውት ላላ ያለውን የኤልጂፒኤል ፈቃድ ጨመረ፤ ግዴታውን ያሟላ ፕሮግራመር የራሱን ኮድ ሳይገልጥ መጠቀም ቻለ። በ2012 ኪውት ዲጂያ ወደተባለ ኩባንያ ተዛወረ። በ2021 የኪውት 5.15 የረጅም ጊዜ ድጋፍ እትሞች ለከፋይ ደንበኞች ብቻ መሆናቸው ቅሬታ አስነስቷል።

ለአማርኛ ፕሮግራም የሚመርጥ ሰው ሌሎች ፈተናዎችም አሉት። ፊደላችን በ1999 የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በሚመዘግበው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ ማሳየቱ ዛሬ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የሜኑ አቋራጭ ነው። በኪውት «ፋይል» በሚለው ቃል ፋ ሥር ቢሰመር «ኦልት» ይዞ ፋን መጫን አይቻልም፤ በድምፅ በሚጻፍባቸው ኪቦርዶች ፋ የሚጻፈው በሁለት ቁልፍ ነውና። መፍትሔው በቻይንኛና በጃፓንኛ እንደተለመደው አንድ የላቲን ፊደል በቅንፍ ከጎኑ መጨመር ነው።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። ኪውት 5.14 ከጎርጎርዮሳዊው ሌላ የዩልዮስን፣ የፋርስንና የእስልምናን አቆጣጠር ሲያስገባ የኢትዮጵያን አላካተተም። አይሲዩ የተባለው ላይብረሪ ግን 13 ወር ያለውን አቆጣጠራችንን ስለያዘ ስሌቱን ከእሱ ወስዶ ቀን መምረጫውን በእጅ መሥራት ይቻላል፤ ጳጉሜን በ4 ዓመት አንዴ 6 ቀን እንድታሳይ መፈተሽ አለበት።